ብስክሌቷን ስጪያቸው፣ አንቺ ነይልኝ

ልጄ፣

ማክሰኞ ማታ ስትደውዪልኝ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅሽን አይደለም፤ ትንፋሽሽን ነው። ከትንፋሽሽ ኋላ ደግሞ የኋላ ጎማሽ ትክ ትክ ትክ ሲል ይሰማኝ ነበር። ወርደሽ እየገፋሻት እንደሆነ በዚያ ገባኝ። «አባዬ፣ ደህና ነኝ» አልሽኝ። ደህና የሆነ ሰው በምሽት ደውሎ ወሬውን በ«ደህና ነኝ» አይጀምርም። ልቤ ስንጥቅ አለ።

እኔ ግን ምን አልኩሽ? «በዚህ ሰዓት ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ከሥራ ወደ ቤትሽ እየሄድሽ ነበር፤ ሌላ ምንም። ያ ጥያቄ መቅረብ የነበረበት መኪናውን አዝግሞ ከጎንሽ ሲነዳ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሲጣራ ለነበረው ሰውዬ ነው። ለአንቺ አልነበረም። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ እስኪነጋ ድረስ የከነከነኝ ይኸው ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ።

ረቡዕ መልሰን ስናወራ ደግሞ አንቺም ተናደድሽ፣ እኔም ተናደድኩ፣ ልነግርሽ የፈለግሁትን ሳልነግርሽ ቀረሁ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው እንግዲህ። ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ። ብስክሌት መንዳትሽን ተዪ አልልሽም። ስድስት ዓመትሽ ላይ መቀመጫውን ከኋላ ይዤ እየሮጥኩ አስተማርኩሽ። አንድ ቀን ሳልነግርሽ ለቀቅኩሽ። ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም፤ ሄድሽ። ጀርባሽን ነው ያየሁት። ደስ ያለው ሰው ከጀርባውም ያስታውቃል። ዛሬም ከቤቴ ወጥተሽ ስትሄጂ በር ላይ ቆሜ የማየው ያንኑ ጀርባ ነው። የአፍጋኒስታን ሴቶች የብስክሌት ቡድን ልጆች ልምምድ ሲወጡ ድንጋይ ይወረወርባቸው ነበር። እየተሰደቡ ነበር የሚነዱት። እ.ኤ.አ. በ2016 የጣሊያን የፓርላማ አባላት ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጭተዋቸዋል። እነሱ በዚያ ሁሉ መሃል እየነዱ፣ አንቺን ቤት ተቀመጪ የምልበት አፍ የለኝም።

አሁን ስለ ትከሻዬ ልንገርሽ። ብርድ ሲሆን የሚያመኝን ቀኙን። «ከብስክሌት ወድቄ ነው» ስልሽ ኖሬአለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ነው የነገርኩሽ።

አንቺ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ዳገቱን ልጀምር ስል፣ ሁለት ወጣቶች መንገድ ዳር ቆመዋል። አንደኛው እጁን ከፍ አድርጎ «ወንድም፣ ሰዓት ስንት ነው?» አለኝ። ቆምኩ። አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ ሰዓቴን ዝቅ ብዬ ሳይ ሌላኛው ከፊቴ ዞሮ መሪውን ያዘ። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም፤ አውራ ጣቱን ነው። የፍሬኑን እጀታ ከኔ ጣቶች ጋር አብሮ ጨብጦታል። ጥፍሩ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ያን ጥፍር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «ውረድ» አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። ብስክሌቷ አዲስ ነበረች፤ ስንት ወር አጠራቅሜ ነው የገዛኋት። ደግሞ እልህ ያዘኝ። ጎተትኩ፣ ጎተተ። ከኋላ የነበረው ገፈተረኝና የመንገዱ ጠርዝ ላይ በትከሻዬ ወደቅኩ። ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ተሰበረ። ብስክሌተኛ ሲወድቅ ቶሎ ከሚሰበሩት አንዱ እሱ እንደሆነ ሐኪሙ ነገረኝ፤ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ስለሚያርፍ፣ ወይም በትከሻው ስለሚመታ። ብስክሌቷን እንደሆነ ወሰዷት። እኔ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል አንቺን ማንሳት አልቻልኩም። እጅሽን ዘርግተሽ «አባ፣ አባ» ስትዪ እናትሽ ነበረች የምታነሳሽ። የብስክሌቷ ቀለም ዛሬ ትዝ አይለኝም። የተዘረጋው እጅሽ ግን አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ስለዚህ አንድ ሰው መሪሽን ይዞ «ውረጂ» ካለሽ፣ ቢላ ያዘም አልያዘም፣ ውረጂ። ብስክሌቷን ወደ እሱ ገፋ አድርጊለትና አንቺ በተቃራኒው አቅጣጫ ሂጂ። ስልኩንም ስጪው፣ ቦርሳውንም ስጪው። «የአባዬ ስጦታ ናት» ብለሽ እንዳታስቢ። የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ ስጪያቸው የምልሽም እኔው ነኝ። ብረት ናት። ብረት ይገዛል።

የሚፈልገው ብስክሌቷን ሳይሆን አንቺን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ዝም ብለሽ የምትታዘዢበት ምክንያት የለም። ጩኺ፣ ታገዪ፣ ብስክሌቷን ጣዪበትና ሩጪ። ወደ ሌላ ቦታ እንዲወስድሽ አትፍቀጂ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን አባት ያልነገረሽን ማን ይነግርሻል?

የኔን ነገር በሐሳቤ ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት አትጠይቂኝ። የተሸነፍኩት መሪው የተያዘ ጊዜ አይደለም። የቆምኩ ጊዜ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትነጂ ከሆነ በሴኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ትሄጃለሽ። በአሥር ሴኮንድ 55 ሜትር ማለት ነው። እግረኛ ለጥቂት ሴኮንድ ሮጦ ሊጠጋሽ ይችል ይሆናል፤ ከዚያ ትንፋሹ ያልቅበታል፣ አንቺ ግን ገና መጀመርሽ ነው። የቆመ ብስክሌተኛ ደግሞ ከእግረኛም ያንሳል። በእግሮቹ መሃል ብረት አለ። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ይዘዋል። መሮጥም መከላከልም አይሆንለትም።

እናም መንገድ ላይ የማታውቂው ሰው ሲጠራሽ አትቁሚ። ሰዓት ቢጠይቅሽ፣ መንገድ ቢጠይቅሽ፣ «ጎማሽ ተንፍሷል» ቢልሽ አትቁሚ። ይቺ የመጨረሻዋ በተለይ ክፉ ናት፤ ሰው በደመ ነፍስ ዝቅ ብሎ ጎማውን ያያል። ጎማሽ ቢተነፍስ መጀመሪያ የሚታወቀው ለአንቺው ነው፤ መቀመጫው ይነግርሻል። ክፉ ሁኚ ማለቴ አይደለም። ሰዓት የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ አብዛኛው የእውነት ሰዓት የጠፋበት ሰው ነው። እየነዳሽ «አልያዝኩም!» ማለት ይቻላል። መርዳት ከፈለግሽ አልፈሽ ሂጂ፤ አሥር አሥራ አምስት ሜትር ርቀሽ፣ ሰው ባለበት፣ ዞር ብለሽ መልሺለት። የእውነት መንገድ የጠፋው ሰው እዚያም ሆኖ ይሰማሻል፤ ያመሰግንሻልም። እያወራ እየተጠጋሽ የሚመጣ ከሆነ አንቺም ቀጥዪ። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ብታዪም እንደዚያው ነው። አልፈሽ፣ ርቀሽ፣ ደውዪለት። አምቡላንስ መጥራት ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

መብራት ላይ ግን መቆም ግድ ነው። እዚያ የማርሽ ነገር አደራ። ልክ ልትቆሚ ስትዪ፣ ጎማው እየዞረ ሳለ ማርሹን አቅልዪው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ከቆምሽ በኋላ በዚያች ብስክሌት ማርሽ መቀየር እንደማይቻል ታውቂያለሽ። በከባድ ማርሽ ከቆመችበት ስትነሺ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርግጫዎች ትታገያለሽ፤ ብስክሌቷም ትንገዳገዳለች። ክፉ ሰው የሚፈልገው እነዚያን ሴኮንዶች ነው። አንዱን ፔዳል ወደ ፊት ከፍ አድርገሽ እግርሽን እሱ ላይ አሳርፊው። ስትረግጪው ወዲያው እንድትነሺ። ከፊትሽ ካለው መኪና ጋር ደግሞ አትጣበቂ፤ መሪሽን ጠምዝዘሽ የምትወጪበት ክፍተት ይኑርሽ።

ሌላው ስህተት መንገድ ዳር መለጠፍ ነው። ሰው ዳር ዳሩን ሲነዳ የተጠበቀ ይመስለዋል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ በዪ። ዳር ላይ ከሆንሽ ከእግረኛ መንገዱ የተዘረጋ እጅ ይደርስብሻል፣ የቆመ መኪና በር ይከፈትብሻል፣ መኪና ሲገፋሽ የምትሸሺበት ቦታ አይኖርሽም። አንድ ሜትር ገባ ስትዪ በሁለቱም በኩል መውጫ አለሽ። ቦርሳሽን በአንድ ትከሻ አታንጠልጥዪ። ሞተር ሳይክል ላይ ያለ ሌባ ማሰሪያውን ሲይዘው አብረሽ ትጎተቻለሽ፤ ከቦርሳው ይልቅ የሚጎዳው ያ ውድቀት ነው። የፊት ቅርጫት ውስጥም ክፍት አድርገሽ አትተዪው። ጃፓን ውስጥ ይህ ዓይነቱ ንጥቂያ ስላስቸገረ ፖሊስ ራሱ ቅርጫቱን በመረብ ሸፍኑ እያለ ይመክራል። ማዳመጫሽንም ስትነጂ ከጆሮሽ አውጪው፣ እባክሽ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማዳመጫ ጆሮ ላይ አድርጎ ብስክሌት መንዳትን ከልክላለች። የከለከለችው ለትራፊክ አደጋ ብላ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ከዚያም በላይ ይጠቅማል። ከኋላሽ ያለው ሞተር ፍጥነቱን ሲቀንስ በጆሮ ነው የሚታወቀው።

አሁን ወደ ማክሰኞ እንመለስ። ያጋጠመሽ መኪና ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መኪና ካንቺ ይፈጥናል። ስለዚህ ቀጥታ መንገድ ላይ አመልጠዋለሁ ብለሽ ጉልበትሽን አትጨርሺ። መኪና የሚያቅተው መዞር ነው። አንቺ በሁለት ሜትር ቦታ ላይ ዞረሽ በመጣሽበት መመለስ ትችያለሽ። እሱ መንገዱ እስኪሰፋለት፣ ሌሎች መኪኖች እስኪያልፉለት መጠበቅ አለበት። ከዚያ ደግሞ ለመኪና የሚጠብ ቦታ ፈልጊ። የእግረኛ መንገድ፣ የእግረኛ ድልድይ፣ መኪና እንዳይገባ ብረት የተተከለበት መተላለፊያ። ደረጃም ቢሆን ተሸክመሻት ውጪ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ጠባቡ መንገድ ጨለማና ጭር ያለ እንዳይሆን። ከመኪናው ሸሽተሽ ሰው ወደሌለበት ከገባሽ ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ መከተል ይችላል። ብርሃንና ሰው ያለበት ይሁን። የተከፈተ ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያ፣ መድኃኒት ቤት፣ ጥበቃ ያለበት ሕንፃ። ሳታፍሪ ግቢ። ብስክሌቷንም ይዘሽ ግቢ። «የሚከተለኝ ሰው አለ፣ ትንሽ ልቁም» በያቸው። ሰው በተፈጥሮው እንዲህ ሲባል እምቢ አይልም።

አንቺ ማክሰኞ ይህንኑ ነው ያደረግሽው። እግረኛ መንገድ ላይ ወጣሽ፣ ወደ ኋላ ዞርሽ፣ ማደያው መብራት ሥር ደርሰሽ ደወልሽልኝ። ማንም ሳያስተምርሽ። ረቡዕ ልነግርሽ ሲገባኝ በንዴት ያለፍኩት ይህን ነው፤ ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። የሚከተልሽ ሰው እያለ ወደ ቤትሽ አትሂጂ። ድካም ሲይዝሽ ልብሽ ወደ ቤት ይጎትትሻል፣ ይገባኛል። ግን ቤትሽን ካሳየሽው ነገም ያውቀዋል። እኔ ቤትም ቢሆን አትምጪ ልልሽ ነበር፤ አይሆንልኝም። እኔ ቤት ነይ። ደውለሽ ነይ፣ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

የሰሌዳ ቁጥሩን ስልክ አውጥተሽ ፎቶ ለማንሳት አትሞክሪ፤ በእጅሽ መሪ ይዘሻል። ጮክ ብለሽ በአፍሽ ደጋግሚው፣ እንደ ዘፈን። ጮክ ስትዪ እሱም ይሰማል፤ ቁጥሩ እንደተያዘ ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ደህና ቦታ ስትደርሺ ቁጥሩን፣ ቀለሙን፣ አቅጣጫውን በድምፅ ቅጂው። ድንጋጤው ሲበርድ ትዝታው አብሮ ይጠፋል።

ሌላም ዓይነት ሹፌር አለ። የሚከተልሽ ሳይሆን የሚጠላሽ። መንገዱ የሱ ብቻ የሚመስለው፣ በክላክስ የሚያደነቁርሽ፣ ሆን ብሎ ታክኮሽ የሚያልፍ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 መኪና ብስክሌተኛን ሲያልፍ ከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጪ ደግሞ 2 ሜትር መራቅ አለበት ብላ በሕግ ደንግጋለች። እንዲህ ያለ ሕግ በየአገሩ እየበዛ ነው። እውነቱ ካንቺ ጋር ነው። በዚያች ሴኮንድ ግን እሱ ከአንድ ቶን በላይ ብረት ውስጥ ተቀምጧል፣ አንቺ የለበስሽው ጃኬት ነው። የመኪናውን ጣሪያ አትደብድቢ። አትሳደቢ። ቀጣዩ መብራት ላይ ደርሰሽበት መስኮቱን አታንኳኪ። አውቅሻለሁ፤ የኔን እልህ ነው የወረስሽው፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ፍጥነትሽን ቀንሺና አሳልፊው። ወደ ፊት ይሂድ። ካንቺ በፊት ያለ ሰው ካንቺ በኋላ ካለ ሰው ይሻላል። ቆሞ ከጠበቀሽ ደግሞ አትድረሺበት፤ ዞረሽ ሌላ መንገድ ያዢ።

ስለ ሌላው ነገር ደግሞ፣ እጁን ሰድዶ ስለሚነካው፣ እናትሽ እንድጽፍልሽ አደራ ብላኛለች። ብዙ ጊዜ ከኋላ በሞተር ነው የሚመጡት፤ ነክተው ሄዱ ነው። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ሥራሽ አለመውደቅ ነው። ሁለት እጅሽ መሪው ላይ፣ ዓይንሽ ወደ ፊት። ለመምታትም ለመከላከልም እጅሽን ከመሪው አታንሺ። ከዚያ ጩኺ፤ የምትችዪውን ያህል። የሚያፍረው እሱ ነው። ለማንም ስትነግሪ አንገትሽን አትድፊ። «ምን ለብሰሽ ነበር» የሚልሽ ካለ፣ እኔ ማክሰኞ እንዳልኩት ዓይነት ቂል ጥያቄ ነውና አትመልሺለት።

ፔፐር ስፕሬይ ልያዝ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አስቤበታለሁ። ዱሮም ሰዎች ይህንኑ አስበው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ቬሎ-ዶግ የሚባል ትንሽ ሽጉጥ ለብስክሌተኞች ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ ከሚያሳድዳቸው ውሻ እንዲከላከሉበት። እስቲ አስቢው፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው የሚተኩስ ሰው። ስፕሬዩም ችግሩ ያው ነው። እጅሽን ከመሪው ያስለቅቅሻል። ወደ ፊት ስትነጂ ነፋሱ ወደ አንቺ ስለሆነ የረጨሽው ተመልሶ ዓይንሽ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ማየት የማትችዪው አንቺ ነሽ። ሕጉም አገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። አንቺ ያለሽበት ሕግ ከፈቀደ፣ ወርደሽ በእግርሽ ሆነሽ ለመጨረሻ አማራጭ የሚሆን ይሆናል፤ እየነዳሽ ግን አይሆንም። ቢላ ጨርሶ አይሆንም። ጉልበት ያለው ሰው ቀምቶሽ ባንቺው ላይ ያዞረዋል።

ከዚያ ይልቅ ፊሽካ ያዢ። አንገትሽ ላይ አትንጠልጥዪው፣ ማሰሪያው መያዣ ይሆናል። የጃኬትሽ ዚፕ ላይ እሰሪው። ወርደሽ ከሆነ ደግሞ ብስክሌቷ ራሷ አጥር ናት። በአንቺና በሰውዬው መሃል በወርዷ አቁሚያት። ወደ ግራ ሲዞር አንቺም አዙሪያት። እጅ ለእጅ እንዳይደርስ አንድ ሜትር ያህል ታስቀርልሻለች። ድምፅሽም አጭር ይሁን፤ «አትጠጋኝ!» በቃ። አትከራከሪ፣ አታስረጂ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ለውሻም ይኸው ይሠራል። ካላመለጥሽው ወርደሽ ብስክሌቷን መሃል አድርጊ፣ ጀርባሽን ሳትሰጪው ቀስ እያልሽ ራቂ።

ስለ ስልክ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ማታ ስትነሺ ዋትስአፕ ላይ ያለሽበትን ቦታ ላኪልኝ። 15 ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት፣ 8 ሰዓት የሚል ምርጫ አለው፤ አንድ ሰዓት ይበቃናል። ልቆጣጠርሽ አይደለም። ስትደርሺ ይጠፋል፣ እኔም እተኛለሁ። ስልክሽ ላይ ያለውን የድንገተኛ ጥሪም ዛሬውኑ አስተካክዪ። በብዙ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ማብሪያ ማጥፊያውን አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትጫኚ ይደውላል። አይፎን ላይ ደግሞ የጎን ቁልፉንና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ነው። በጨለማ፣ ኪስሽ ውስጥ ሆኖ፣ ሳታዪው መንካት እስክትችዪ ተለማመጂው።

ስትራቫሽን፣ የነዳሽበትን መንገድ የሚመዘግበውን መተግበሪያ፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ባለፈው ከፍተሽ ስታሳዪኝ ያየሁት ነገር አላማረኝም። የጠዋት መንገድሽ ሁሉ ከአንድ ነጥብ ይነሳል፣ ማታ እዚያው ነጥብ ላይ ያልቃል። ያ ነጥብ የቤትሽ በር ነው። ሰዓቱም ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ የዚህ መተግበሪያ የዓለም ካርታ የጦር ሰፈሮችን ሳይቀር አጋልጦ ነበር፤ ወታደሮቹ ግቢያቸውን ዙሪያ ሲሮጡ የተቀዳው መስመር በጨለማ በረሃ መሃል አብርቶ ታየ። የጦር ሰፈር ያልተደበቀበት ካርታ ያንቺን በር አይደብቅም። ማስተካከያው ውስጥ መነሻና መድረሻን የሚሸፍን ምርጫ አለ፤ አብሪው። ከተቻለም የሚያዩሽ የምታውቂያቸው ብቻ ይሁኑ። መንገድሽንም አልፎ አልፎ ቀያይሪ፤ ሁሌ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ማዕዘን የምታልፊ ከሆነ መተግበሪያም አያስፈልገውም፣ ቆሞ ያየ ሰው ይበቃዋል።

ማክሰኞ የሆነውን አመልክቺ። «ምንም አልሆንኩም» ብለሽ እንዳትተዪው። ሰውዬው ነገ ሌላዋን ይከተላል፤ ያንቺ ማመልከቻ ካለ ያቺ ሁለተኛ ትሆናለች እንጂ የመጀመሪያ አትሆንም። አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ካልፈለግሽም ውጭ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ብስክሌቷንም ገልብጠሽ ከፔዳሎቹ መሃል ሥር ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሺው። ቀን ቢጥላት ያንቺ መሆኗ የሚታወቀው በሱ ነው። የኔን ቁጥር አላውቀውም ነበር። ሲጠይቁኝ «ሰማያዊ ናት» አልኩ መሰለኝ፣ ወይ አረንጓዴ።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ሜዳው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት እንሂድ። በጠባቡ መዞርን፣ አቅልሎ ቆሞ መነሳትን አብረን እንሞክረዋለን። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሰዓት እጠይቅሻለሁ፤ አንቺ አትቆሚም። ጩኸቱንም እንለማመዳለን፤ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ድምፅሽን ዝቅ ማድረግ ትወጃለሽ፣ እኔና እናትሽ ነን ያስለመድንሽ። መሪው ላይ የምትታሰር ትንሽ ስፖኪዮ ገዝቼልሻለሁ። ከኋላሽ ማን እንዳለ አንገትሽን ሳታዞሪ ታያለሽ።

መፍቻዬንም ይዤ እመጣለሁ። ማክሰኞ በስልክ ስሰማው የኋላ ጎማሽ ትክ ትክ ሲል መሃል መሃል ላይ አንድ ይዘልል ነበር። ሳላየው አላድርም።

አባትሽ